ለዚህኛው የልዩነት ሐሳብ አልነበረም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ የሺ በአንድ ነገር ተማርራለች። የልጅ ልጆቻችን ተጣልተው ሲመጡ፣ አሻንጉሊቱን ነጥቆ የያዘውን ትቼ ባዶ እጁን ቆሞ የሚያለቅሰውን ነው መጀመሪያ የማናግረው። «ኢትስ ኖት ፌር፣ አያቴ!» ይላል አሸናፊው። «አንተማ አሻንጉሊቱ እጅህ ላይ ነው፤ ምን ቸገረህ፣ ቆይ» እለዋለሁ። የሺ ከጓዳ ሆና «ችሎቱ ተሰየመ፣ ሁላችሁም ተነሡ!» ትላለች። ቀልዷን ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ሜልበርን ውስጥ ፊትዝሮይ ሰፈር ያለችው ቢሮዬ፣ በመስኮቷ የሚታዩት ረጃጅም የመንግሥት ቤቶችና አለቃዬ ኖራ ትዝ ይሉኛል።

ተሸናፊን አስቀድሞ መስማት የኖራ ልማድ ነው፤ ከእሷ ነው የወረስኩት። ወደ እሷ ከመድረሴ በፊት ግን ብዙ መንገድ አለ።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ሕግ ተምሬ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ደመወዙ ኪራይ ከፍሎ ለምሳ የሚተርፍ አልነበረም፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። ከዚያ ዘመን የማልረሳው አንድ መምህር ነው። ከተወለደበት ክልል ርቆ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነበር። «የአካባቢው ተወላጅ አይደለህም» ብለው ከሥራው አሰናበቱት። መዝገብ ሊያስከፍት መጥቶ መስኮቴ ላይ ተደገፈና፣ «ዜጋ ነህ ይሉኛል፣ እንግዳ ነህም ይሉኛል። የቱን ሆኜ ልኑር?» አለኝ። «ቀጠሮዎ ሲደርስ ዳኛው ይሰሙዎታል» ብዬ ሸኘሁት። ጉዳዩ የት እንደደረሰ አላውቅም፤ ቀጠሮው ሳይደርስ እኔው ራሴ አገር ለቅቄ ወጣሁ።

በኬንያ በኩል አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ስደርስ የተቀበሉኝ ጋሼ ደጀኔ ናቸው። ዳንደኖንግ የሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ባለችው ቤታቸው የኋላ ክፍል ሰጥተው አንድ ክረምትና አንድ በጋ አስቀመጡኝ፤ ኪራይ ልክፈል ስል ተቆጡኝ። ጋሼ ደጀኔ በእድሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከሁሉ በላይ የተከበሩት ደግሞ መርዶ በማርዳት ነው። በእኛ ወግ ሞት በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በር ያንኳኳሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ይከተላሉ፣ ሐዘንተኛውን የሚይዝ ሰው በዙሪያው መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነገሩ ይነገራል። እስከዚያ ድረስ የሞተው ሰው «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው። ጋሼ ደጀኔ ይህን እንደ ሙያ ይዘውታል። ሰውየው የልብ ሕመም አለበት ወይ፣ ለሺፍት የሚወጣው መቼ ነው፣ ምድጃ ላይ የተጣደ ነገር ይኖር ይሆን፣ ሁሉን አጣርተው ነው የሚገቡት። የእናቴን ሞት ያረዱኝ እሳቸው ናቸው። በጋቢያቸው ጠቅልለው ያዙኝ፤ ያን ጠዋት ብቻዬን ብሆን ኖሮ ምን እሆን እንደነበር እንጃ።

ዲግሪዬን የሚቀበል አልተገኘምና ዳንደኖንግ የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ገባሁ። ቃለ መሐላ ፈጽሜ ዜጋ የሆንኩትም እዚያው ነው። ጋሼ ደጀኔ ሱፍ ለብሰው አጠገቤ ቆመው ነበር። ስንወጣ፣ «እንግዲህ የዚህ ሆንክ፤ የዚያኛው ቀረ» አሉኝ፤ የአገራችን ሕግ ሁለት ዜግነት አይፈቅድምና። ያን ዕለት ማታ አለቀስኩ። በሌላ በኩል ግን አንዱን ሰጥቼ ሌላውን ስለተቀበልኩ የዜግነት ነገር ከእንግዲህ ያለቀለት መሰለኝ። ገና መጀመሩ ነበር።

ኖራ ያን ጊዜ አምሳዎቹን ጀምራ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሹራቧ ሁልጊዜ ክርኑ ላይ የተቀደደ። ፊትዝሮይ ውስጥ አቅም የሌላቸውን በነጻ የምታግዝ ባለ ሁለት ክፍል የሕግ ቢሮ ነበረቻት። አማርኛ የሚያውቅ የጠበቃ ረዳት ትፈልግ ነበርና ሄድኩ። የትምህርት ማስረጃ አልጠየቀችኝም። አንድ የድሮ ውሳኔ ሰጥታኝ፣ «የተሸነፈው ማን እንደሆነ ንገረኝ። ከዚያ ለምን ልክ እንደነበረ አስረዳኝ» አለችኝ።

ውሳኔው ስለ አንድ የሜልበርን ጠበቃ ነው። ሰውየው በጎረቤት ክፍለ ግዛት፣ በደቡብ አውስትራሊያ፣ ጥብቅና ለመቆም ፈልጎ «መጀመሪያ መጥተህ እዚህ ኑር» ተባለ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የአንድ ክፍለ ግዛት ነዋሪ ሌላው ዘንድ ሲሄድ በነዋሪነቱ ምክንያት እንዳይበደል የሚል አንድ አንቀጽ አለው። የመጨረሻው ፍርድ ቤት ዳኞች፣ «ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ አልተበደለም» ብለው ፈረዱበት። አንድ ዳኛ ብቻ የልዩነት ሐሳብ ጻፈ። ለዚያ መንገደኛ ሸክሙ ከሌላው ይከብዳል፤ በገዛ አገሩ እንግዳ አድርጋችሁታል አለ። ይህን ሳነብ መስኮቴ ላይ የተደገፈው መምህር ፊቴ መጣ። ለኖራም የነገርኳት ስለ ጠበቃው ሳይሆን ስለ መምህሩ ነው። ሰምታኝ ስትጨርስ «ሰኞ ትጀምራለህ» አለችኝ።

ቀጣዩን የነገረችኝ ሰኞ ነው። ከዓመታት በኋላ የሲድኒ ጠበቃ ኩዊንስላንድ ወደሚባለው ክፍለ ግዛት ሊሻገር ሲል ያው ክርክር ተነሣ። ፍርድ ቤቱ በዚህ ጊዜ የድሮ ውሳኔውን ሻረ፤ ያ ብቻውን የቀረ ዳኛ ያለው ነገር የአገሩ ሕግ ሆነ። «ስለዚህ ማንኛውም ውሳኔ ሲመጣ ከኋላ፣ ከልዩነቱ ሐሳብ ነው የምጀምረው» አለችኝ። እውነትም ውሳኔ ሲመጣ ከወንበሯ ትነሣና የልዩነቱን ሐሳብ ቆማ ጮክ ብላ ታነብባለች፤ ቡናዋ እስኪበርድ። አሸናፊዎቹን ተቀምጣ ነው የምታነበው።

ሌሎችም ልማዶች ነበሯት። ባለጉዳይ ከጠረጴዛ ማዶ አይቀመጥም፤ ወንበሩ ከወንበሯ ጎን፣ ሁለቱም ወደ መስኮቱ ዞረው ነው። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው መልስ ይሰጣል፣ ጎን ለጎን የተቀመጠ ያወራል ትል ነበር። ቃል ተቀብላ ስትጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ይህን ቢሰማ አይደለም የሚል ሰው ማን ነው?» ባለጉዳዩ ሚስቱን፣ አማቱን፣ ጎረቤቱን ይጠራል፤ የጉዳዩ ደካማ ጎን ያን ጊዜ ይወጣል። የመጨረሻው ሕጓ ደግሞ የማይታጠፍ ነበር፦ ቢሮው የሰማውን ነገር ባለጉዳዩ በዚያው ቀን ይሰማል። ክፉም ቢሆን።

የእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ፣ «እኛ የአውስትራሊያ ዜጋ ነን ወይስ የቪክቶሪያ?» እያሉ ነበር። አሜሪካን አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ሰው የአገሩም የግዛቱም ዜጋ እንደሚሆን ሰምቷል፤ እዚያ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል። እዚህ ግን እንዲያ አይደለም። ሜልበርን ያለችበት ክፍለ ግዛት፣ ቪክቶሪያ፣ ነዋሪ እንጂ ዜጋ የላትም። ያ አንቀጽ ራሱ ዜጋ የሚል ቃል የለውም፤ «የንግሥቲቱ ተገዢ» ነው የሚለው። የቀረውን ዳኞች ቀስ እያሉ፣ በየጉዳዩ፣ እየሻሩና እያስተካከሉ ነው የሞሉት። ይህን ለሰው ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

አንዴ እትዬ ማሚቴ የሚባሉ አዛውንት ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲድኒ ሄደው፣ በሜልበርን የቅናሽ ካርድ ባቡር ተሳፍረው ተቀጡ። ቢሮ መጥተው ከኖራ ጎን ተቀመጡና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሜልበርን ያለችው ንግሥትና ሲድኒ ያለችው ንግሥት አንድ አይደሉም እንዴ?» አሏት። ተረጎምኩላት። ኖራ ሳቋ ሲያባራ እንባዋን እየጠረገች፣ «አንቀጹን እኮ በቃላቸው ያውቁታል» አለችኝ። ቅጣቱ በልመና ተነሣላቸው፤ በንግሥቲቱ አይደለም። እትዬ ማሚቴ ግን እስከ ዛሬ በንግሥቲቱ እንደረቱ ነው የሚያወሩት።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

አስናቀች የጋሼ ደጀኔ የእህት ልጅ ናት። ቤቷ ሜድስቶን፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። እናታቸው ሲሞቱ ወንድሟን ግርማን ያሳደገችው እሷ ናት፤ በሕፃንነቱ አዝላው ነው ሱዳን የገባችው። ግርማ አድጎ የምዕራብ አውስትራሊያዋ ፐርዝ ሄደና የከባድ መኪና ሹፌር ሆነ። በኮሮና ወረርሽኝ፣ በሁለተኛው ሎክዳውን ጊዜ፣ ከቤታችን አምስት ኪሎ ሜትር መራቅ በተከለከለበት ወራት፣ ግርማ ሆስፒታል ገባ። ምዕራብ አውስትራሊያ ድንበሯን ዘግታለች፤ ከቪክቶሪያ የሚመጣ ልዩ ፈቃድ ከሌለው አይገባም። አስናቀች ደወለችልኝ።

«ጋሼ ሰይፉ፣ ዜጋ ነኝ እኮ። ፓስፖርቴ አለ። በገዛ አገሬ ወንድሜ ጋ ለመሄድ ፐርሚት? ሱዳን ድንበር ላይ አዝዬው ስሻገር እንኳ ማንም አልጠየቀኝም!»

ኖራ ከቤቷ፣ እኔ ከቤቴ፣ አስናቀች ከቤቷ ሆነን በስልክ ቃሏን ተቀበልን። መስኮት የለ፣ ጎን ለጎን ወንበር የለ። «ምን ሆነ አሉሽ?» አልኳት። «ጉበቱ ላይ ኢንፌክሽን ነው አሉ። መድኃኒቱ እየሠራለት ነው፣ በቅርቡ ይወጣል ይሉኛል። ድምፁ ግን አላማረኝም ጋሼ።» ኖራ የተለመደውን ጠየቀች፤ ይህን ቢሰማ አይደለም የሚል አለ? «ማንም የለም፤ ዘመድ ሁሉ የሚለኝ እንደዚሁ ነው» አለች አስናቀች። ዘመድ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ሲናገር ጆሮዬ መቆም ነበረበት። አልቆመም። ኖራ ስለ ወጋችን አታውቅም፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ሆኜ የቤቴን ወግ ረሳሁት። ያለችውን እንዳለችው ጽፈን አፕላይ አደረግን። መልሱ መጣ፦ ሕመሙ ለሕይወት የሚያሰጋ ስላልሆነ አልተፈቀደም። በጻፍነው ላይ ነው የወሰኑት፤ የምንወቅሰው ሰው እንኳ አልነበረንም።

ኖራ ሙግት ልትከፍት ተነሣች። ያን አንቀጽ፣ ያን የድሮ ውሳኔ፣ ሁሉን አወጣች። ግን መጀመሪያ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልገናል አለችኝ። እንዲያስልኩልን ብዬ ጋሼ ደጀኔ ጋ ደወልኩ።

«ሰይፉ፣ ልጁ አልቋል» አሉኝ። «ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ እጃቸውን አንሥተዋል።»

«አስናቀች ታውቃለች?»

«እንዳትነግራት! ማን ይይዛታል? እኔ ከዳንደኖንግ አልፌ አልመጣ፣ ሴቶቹ አይገቡላት። ብቻዋን ናት።»

«ጋሼ፣ ካላወቀች ፈቃድ አይሰጧትም። እየሞተ ነው ብለን መጻፍ አለብን፤ እሷም መፈረም አለባት።»

«እንዲሁ ይስጧት! ዜጋ አይደለችም? አንተ አይደለህ ስለ አንቀጽ ስታስተምረን የኖርከው?»

ለኖራ ነገርኳት። «ዛሬ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

በእግሬ ሄድኩ። አስናቀች ከአጥሯ ውስጥ፣ እኔ ከአጥሯ ውጭ፣ ማስክ አድርገን ቆምን። ስነግራት አልጮኸችም። የአጥሩን እንጨት ይዛ፣ «ድምፁ ነግሮኝ ነበር» አለች። ከዚያም፣ «ስንት ቀን አስበላችሁኝ?» አለች። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ ዘመዶቿንም እኛንም መሆኑን አውቄዋለሁ። ያን ዕለት አዲስ ቃል ጻፍን፤ የሐኪሙም ማስረጃ መጣ። ፈቃዱ ተሰጠ። አውሮፕላን ቡክ አደረገችና ሄደች። ፐርዝ እንደደረሰች ሆቴል ኳራንቲን አስገቧት፤ ሆስፒታል ለመሄድ ሌላ ፈቃድ ጠየቅን።

ያ ፈቃድ ሳይመጣ፣ በማግስቱ ጠዋት፣ ጋሼ ደጀኔ ደወሉልኝ። «ግርማ አረፈ» አሉኝ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «ኳራንቲኗን እስክትጨርስ አትሰማም። ከወጣች በኋላ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን። ከታሸገ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ብትሆን ራሷን ትጎዳለች። ቃል ግባልኝ።»

«ቀብሩስ?»

«ቀብሩ ያልፋል። ከሷ ሕይወት ይበልጣል?»

እኚህ ሰው ናቸው የእናቴን ሞት በጋቢያቸው ያረዱኝ። ያጎረሱኝ፣ ያሳደሩኝ። ቃል አልገባሁላቸውም። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ የሺ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ። ለኖራ አልደወልኩም፤ የምትለውን አውቀዋለሁ።

ያደረግሁት የጋሼንም የኖራንም ነበር። ፐርዝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሁለት እናቶች ነበሩ፤ ደወልኩላቸውና ከሆቴሉ ማዶ፣ ከመስኮቷ ሥር መንገዱ ላይ እንዲቆሙ ለመንኳቸው። የሆቴሉን ነርስ አግኝቼ በሯ ላይ እንድትጠብቅ ጠየቅኋት። ከዚያ ነው ለአስናቀች የደወልኩት። ልክ እንደ ጋሼ ደጀኔ፣ «ምግብ በላሽ? ማንቆርቆሪያው ተጥዷል?» አልኳት። «ኧረ ጠፍቷል፤ ምነው ጋሼ?» አለች። «እስኪ ወደ መስኮቱ ሂጂ።» ሄደች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙትን ሴቶች አየች። እኔ የምለው አልቀረም። በስልኩ ውስጥ የሰማሁት አንድ ቃል ነው፤ ደጋግማ፣ «አልደረስኩም» አለች። «አልደረስኩም፣ አልደረስኩም።» ታች ያሉት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ፤ የእነሱ ድምፅ በእሷ ስልክ በኩል ይሰማኝ ነበር።

ለቀብሩ ለብቻው ፈቃድ ጠየቅን፤ ተፈቀደ። እንደ ሐኪም ተሸፍና፣ ጠባቂ አጠገቧ ሆኖ፣ ከርቀት ቆማ አየች። አፈር ማልበስ አልተፈቀደላትም። ግን አየች።

ጋሼ ደጀኔ በዚያው ሳምንት ደውለው፣ «እኔ ያስተማርኩህ ይህን ነው? ሰው ታሽጎ ባለበት?» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። እድሩ ላይ ሳገኛቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አስናቀች ደግሞ ከፐርዝ ተመልሳ እሳቸው ቤት እግሯ አልረገጠም። «ደብቀው ቀኔን በሉብኝ» ትላለች። አንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ከተማ፣ ዓመታት ተለያየ።

እንደ ልማዴ የተሸነፉትን አስቀድሜ ልስማ ብዬ የጋሼን ክርክር ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጃለሁ። አስናቀች ያን ሐዘን ይዛ፣ የሚያቅፋት ሳይኖር፣ ኳራንቲኗ እስኪያበቃ ብቻዋን አድራለች። ይህ እውነት ነው። ነርሷ በኋላ ደውላ የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም። ቢሆንም ያን ጠዋት ተመልሶ ቢመጣ አሁንም እደውልላታለሁ።

የድንበሩን መዘጋት የሚመለከት የሌላ ሰው ክስ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሶ የተወሰነው ግርማ ከተቀበረ በኋላ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ መዝጋት ይቻላል ተባለ። ኖራ ዝርዝሩ ሲወጣ ቢሮ ጠራችኝ፤ ሎክዳውኑ አብቅቶ ነበር። እንደ ልማዷ ተነሥታ ቆመች፣ ወረቀቱን ከኋላ ጀምራ ገለበጠች። ዳኞቹ በውጤቱ ሁሉም ተስማምተዋል። ቆማ የምታነበው አጣች። ፈራጆቹ ተሳሳቱ አላለችም፤ ሰው እየሞተ ነበር፣ ምን ያድርጉ አለች። ግን ረጅም ጊዜ ቆማ ቀረች። በመጨረሻ፣ «ለዚህኛው የልዩነት ሐሳብ የለም፣ ሰይፉ። አንድ ቀን አንተ ጻፈው» አለችኝ።

ብዙም ሳትቆይ ሥራ አቆመችና ጂሎንግ ገባች፤ እዚያው አረፈች። መሞቷን ልጇ በዚያው ቀን ደውላ ነገረችኝ፤ «እናቴ ሕጌ ነው ብላለች» አለችኝ። እኔም ከዚያ በኋላ ጥቂት ሠርቼ ወጣሁ። ዛሬ ቢሮው ባለጉዳይ የሚያናግረው በቪዲዮ ነው፤ ወጣቶቹ ጎበዞች ናቸው፣ ፈጣኖች ናቸው። ሁለቱ ወንበሮች ግን መስኮቱ አጠገብ አሉ ሲሉኝ ደስ አለኝ።

ይህን የምጽፈው ግን በእነሱ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ ከዓመታት በኋላም ከስልኬ አላጠፋሁትም።

«ሰይፉ» አሉኝ ጋሼ ደጀኔ። ድምፃቸው ሳስቷል። «ዳንደኖንግ ሆስፒታል ነኝ። ልጆቼ ትንሽ ኢንፌክሽን ነው ይሉኛል።»

ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ።

«ሐኪሙን የሚያናግሩት በር ላይ ነው። ሲመለሱ ይሥቃሉ። እኔ ደግሞ ይህን ሣቅ አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ ለሰው ሁሉ ያስተማርኩት።» ተነፈሱ። «አንተ ደብቀህ አታውቅም። ነገ ሐኪሙ ሲመጣ አብረኸኝ ሁን።»

ሄድኩ። ልጆቻቸው ተቆጡ፤ እሳቸው በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኟቸው። የጎብኚውን ወንበር አንሥቼ ከአልጋቸው ጎን፣ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሐኪሙ ተናገረ፤ እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አልቀነስኩም። ጋሼ እጄን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያበቃ ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ትከሻዬ ላይ ጣሉት፤ የማለቅሰው እኔ ነበርኩና።

«አስናቀችን ጥራልኝ» አሉኝ። «ዛሬ።»

ደወልኩላት። ምን እንደሆነ ሁሉንም ነገርኳት። እመጣለሁ ሳትል ስልኩን ዘጋች። ከሜድስቶን ዳንደኖንግ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ ባቡር መቀየር አለ፤ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ጋሼ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ጠበቁ። ሊመሽ ሲል በሩ ተከፈተ። የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ወንበሬን ለቀቅሁላት። ከአልጋው ጎን ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘች፤

«ደረስኩ ጋሼ» አለች።